በበልግ መግቢያ በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በኩሬ ዳርና በእርሻ ላይ ወፎችን ለመመልከት የሚረዳ መመሪያ

ከየካቲት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ያሉት ሳምንታት በሰሜን ሸዋ ደጋ ወፍ ለመመልከት ከዓመቱ ሁሉ የሚመረጡ ናቸው። በጋውን በአገራችን ያሳለፉት የአውሮፓና የእስያ ተሰዳጅ ወፎች ለረጅሙ የመልስ ጉዞ ስብ የሚያጠራቅሙትና ብዙዎቹም የደበዘዘ ላባቸውን በደማቅ የሚለውጡት በዚህ ወቅት ነው። የአገሩ ነዋሪ ወፎች በበኩላቸው የበልጉን ዝናብ እየጠበቁ ጥንድ ጥንድ ሆነው ለመራባት ይሰናዳሉ። ከዚህ ሁሉ ጋር ገበሬው ሞፈርና ቀንበሩን ይዞ ይወጣል፤ ማረሻው የገለጠው አፈርም ለወፎቹ ማዕድ ይሆናል። ስለዚህ ውኃውን ብቻ ወይም እርሻውን ብቻ የሚያይ ሰው ግማሹን ያጣል። ኩሬውን፣ የግጦሽ ሜዳውንና የታረሰውን መሬት እንደ አንድ ስፍራ አድርጎ ሙሉ ቀን መከታተል ይገባል፤ ይህ መመሪያም የሚያተኩረው በዚሁ ላይ ነው።

ለጀማሪ የሚመቸው መነሻ ደብረ ብርሃን ነው። ከተማው ከአዲስ አበባ በአስፋልት 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሰፊ ሜዳ ላይ የተቀመጠ ሲሆን፣ በዙሪያው ባሉት የገጠር ቀበሌዎች ለመስኖና ለከብት መጠጥ የተገደቡ ውኃዎች፣ ኩሬዎችና ውኃ የሚተኛባቸው ዝቅተኛ ሜዳዎች ይገኛሉ። ሁሉም ግን እኩል አይደሉም። ዳርቻው ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጥልቅ ግድብ ጥቂት ዳክዬ ከማሳየት አያልፍም። የሚፈለገው ዳሩ ቀስ እያለ የሚጠልቅ፣ ጭቃው የሚታይ፣ ቢያንስ በአንድ ወገኑ የታረሰ መሬት ወይም የግጦሽ ሣር የሚያዋስነው ውኃ ነው። በባሕር ዛፍ ዙሪያውን የታጠረ ኩሬም ለዚህ ሥራ አይመረጥም፤ ዝይና ክሬን (አንገቱና እግሩ ረጃጅም የሆነ ወፍ) የመሳሰሉ ትልልቅ ወፎች ጠላታቸውን ከሩቅ ማየት ስለሚፈልጉ ዓይናቸውን የሚጋርድ ነገር ባለበት ማረፍ አይወዱም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ መጤን አለበት። በበጋው መጨረሻ ውኃው እየሸሸ ሲሄድ፣ ቀድሞ ተሸፍኖ የነበረው ጭቃ ከነትሉና ከነእጩ ይገለጣል፤ እግረ ረጃጅም የጭቃ ወፎችም በብዛት የሚወርዱት በዚያ ጊዜ ነው። የበልጉ ዝናብ ጠንክሮ ኩሬውን ሲሞላው ጭቃው ተመልሶ ይሰወራል፤ ወፎቹም ወደ ሌላ ቦታ ይበተናሉ። በመሆኑም ዝናቡ በዘገየበት ዓመት የጭቃ ወፉ ወቅት ይረዝማል፤ ፈጥኖ በገባበት ዓመት ግን ከየካቲት መጨረሻ ማሳለፍ አይገባም። ከመሄድዎ በፊት ለአካባቢው ሰው ስልክ ደውለው ውኃው እስከ የት እንደደረሰ ቢጠይቁ ብዙ ድካም ይቀንስልዎታል።

መሣሪያን በተመለከተ ከሁሉ የሚቀድመው ባይኖኩላር ነው። በላዩ 8 × 42 ተብሎ የተጻፈበት ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት ጊዜ አጉልቶ እንደሚያሳይ፣ ሁለተኛው የፊተኛው ሌንስ ስፋት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ያመለክታል። 10 ጊዜ የሚያጎላው የተሻለ ቢመስልም የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል፤ በደጋው ነፋስ ደግሞ ይህ ቀላል ችግር አይደለም። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ ወፉን የሚያጡት ባይኖኩላሩን ዓይናቸው ላይ ካደረጉ በኋላ ፍለጋ ስለሚጀምሩ ነው። ትክክለኛው መንገድ በባዶ ዓይን ወፉን አተኩሮ ማየት፣ ከዚያም ዓይንን ከእርሱ ሳይነቅሉ መሣሪያውን ወደ ፊት ማንሳት ነው። በቤት ደጃፍ በሽቦ ላይ ባረፈች እርግብ ጥቂት ቀን ቢለማመዱት እጅ ራሱ ይለምደዋል። ከዚህ ሌላ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ ይያዙ፤ ዝናብ ቢመጣ የእስክሪብቶ ጽሑፍ ይፈሳል፣ የእርሳሱ ግን ይቆያል። የደብረ ብርሃን ማለዳ በመጋቢትም ቢሆን ብርዱ አጥንት ስለሚሰብር ወፍራም ልብስ ወይም ጋቢ አይለይዎት፤ ቀለሙ ግን ደማቅ ባይሆን ይመረጣል፤ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው ከሩቅ ስለሚታይ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ካፖርት ከላይ ቢደርብበት ይበጃል።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በቦታው መድረስ ያስፈልጋል። በማለዳ ከኩሬው በስተምሥራቅ ቆመው ወደ ምዕራብ ይመልከቱ፤ ፀሐይዋ ከጀርባዎ ሆና የወፎቹን ቀለም ታበራለች። በተቃራኒው ከቆሙ ግን የሚያዩት ጥቁር ጥላ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ቦታዎን ወደ ምዕራቡ ዳር ያዛውሩ። በአካባቢው ያለውን ከፍ ያለ ጉብታ፣ ካብ ወይም ቁጥቋጦ ተገን አድርገው ይቀመጡ፤ የቆመ ሰው ከሰማይ ጋር ቁልጭ ብሎ ስለሚታይ ወፎቹን ያስደነግጣል፤ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው ግን ከጥቂት ቆይታ በኋላ የመሬቱ አካል ይሆንላቸዋል። ዳክዬዎቹ መብላታቸውን አቁመው አንገታቸውን ቀጥ ካደረጉ ከሚገባው በላይ ቀርበዋል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ባሉበት ጸጥ ይበሉ፤ ካልተረጋጉም ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሱ። ቢነሡ ለእርስዎ የአንድ ጠዋት ጉዳት ቢሆንም፣ ለእነርሱ ግን ለሺህ ኪሎ ሜትሮች ጉዞ ያጠራቀሙትን ጉልበት ማባከን ነው።

ወፍን ለመለየት ከቀለም አይጀምሩ። ቀለም በብርሃን፣ በዕድሜ፣ በጾታና በወቅት ይለዋወጣል፤ በተለይ በዚህ ወቅት ግማሽ ላባቸውን የቀየሩ ወፎች ስለሚበዙ መጽሐፍ ላይ ያለው ሥዕል በትክክል አይገጥምም። በመጀመሪያ ቁመቱን ከሚያውቁት ወፍ ጋር ያስተያዩ፤ ከድንቢጥ ይበልጣል ወይስ ያንሳል፣ እርግብ ያህላል ወይስ ቁራ? ከዚያ ምንቃሩ ቀጥ ያለ፣ የቆለመመ ወይስ የሰፋ መሆኑን፣ የእግሩን ርዝመትና ቀለም፣ በመጨረሻም ምን እየሠራ እንደሆነ ይመልከቱ። ጭቃውን ይወጋል? በውኃው ላይ ምንቃሩን ወዲያና ወዲህ ያወዛውዛል? ይጠልቃል? ሠርቶ ከሚበላበት ሁኔታ ብዙ ይታወቃል።

በውኃው ላይ በቶሎ የሚለየው አፈ ማንኪያው ዳክዬ ነው። ከራሱ የሚረዝም የሚመስል፣ ጫፉ የሰፋ ምንቃር አለው፤ በምንቃሩ ዳርና ዳር በተደረደሩ ቀጫጭን ጥርስ መሳይ ነገሮች ውኃውን እያጣራ ጥቃቅን ነፍሳትንና ዘሮችን ይበላል። ለዚህም ነው ራሱን ዝቅ አድርጎ ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘ ሲቀዝፍ የሚታየው። የወንዱ ራስ አረንጓዴ፣ ደረቱ ነጭ፣ ጎኑ ደግሞ ቀይ ቡናማ ነው። ጅራተ ረጅሙ ዳክዬ አንገቱ ቀጭን፣ የወንዱ ራስ ቡናማ ሆኖ ከደረቱ የሚነሣ ነጭ መስመር በአንገቱ ጎን ሽቅብ ይወጣል። እነዚህ ሁለቱ ወደ ሰሜን የሚመለሱ እንግዶች ናቸው። ምንቃሩ ከሩቅ የሚያበራ ቢጫ የሆነው ዳክዬ ግን ነዋሪ ነው፤ ከእርሱ ጋር ጥቁሩና ነጭ ግንባር ያለው የውኃ ዶሮ ይገኛል፤ በመራቢያው ወቅት በግንባሩ ላይ ሁለት ትናንሽ ቀያይ እብጠቶች ይወጡበታል።

በጭቃው ዳር የሚሮጡት ግራጫማና ቡናማ ወፎች ለጀማሪ አስቸጋሪ መሆናቸው አይካድም። በመጀመሪያ ቀን ሁሉንም ለመለየት መታገል ስለማይጠቅም ሦስቱን ብቻ ይያዙ። ራሱ ትንሽ፣ ሆዱ ድብልብል፣ ጀርባው ላይ ያሉት ላባዎች ቅርፊት የተደረደረባቸው የሚመስሉት ራፍ የሚባለው ወፍ ነው፤ ወንዱ ከሴቷ በጉልህ ስለሚበልጥ ሁለት ዓይነት ወፍ አንድ ላይ ያለ ይመስላል። ከራፍ ጋር ከሚታዩት አነስተኛ ወፎች መካከል ከዓይኑ በላይ ረጅም ነጭ ቅንድብ ያለውና ጀርባው ነጠብጣብ የሆነው አንድ ነው። ሌላኛው ደግሞ ጀርባው ጠቆር ያለ፣ ሲነሣ የክንፉ ሥር ጥቁር ሆኖ የወገቡ ንጣት ቦግ የሚል ነው፤ ይህኛው መንጋ አይወድም፤ ብዙ ጊዜ ብቻውን በቦይ ጥግ ይገኛል።

ወደ እርሻው ሲሻገሩ የአካባቢውን የሥራ ቀን ማወቅ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል። በበዓል ቀን ገበሬ አያርስም፤ ካላረሰ ደግሞ ከማረሻው ኋላ የሚሰበሰበው መንጋ አይኖርም። በመጋቢት 5 የአቦ፣ በ27 የመድኃኔዓለም፣ በ29 የበዓለ ወልድ ዕለት በሬዎቹ ሜዳ ላይ ተለቀው ይውላሉ፤ ወርኃዊዎቹን የሚካኤልና የማርያም በዓላት፣ እንዲሁም ሰንበትን ይጨምሩበት። በእነዚህ ቀኖች ኩሬውንና የግጦሹን ሜዳ መመልከት፣ የእርሻውን ፕሮግራም ደግሞ ለሥራ ቀን ማቆየት ይገባል። የገበያ ቀንም እንዲሁ ብዙ ገበሬ ከማሳው ያርቃል።

ማሳ ሲደርሱ ከሩቅ ባይኖኩላር ከማንሳት በፊት ቀርበው ሰላምታ ይስጡ። የሚያርሱትን ሰው «በርቱ አባቴ» ብሎ፣ ወጣት ከሆነም «በርታ ወንድሜ» ብሎ፣ የመጡበትን ጉዳይ በግልጽ ተናግሮ ፈቃድ መጠየቅ ደንብም ጨዋነትም ነው። መሬት ለካ፣ ሰው ሰለለ እንዳይባሉ ባይኖኩላሩን አውጥተው ያሳዩ፤ እርሳቸውም ይዩበት። እረኞች ስለ አካባቢያቸው ወፍ የሚያውቁት ነገር ጥልቅ ነው፤ ዝይዋ የት እንደምታድር፣ ክሬኑ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ ከእነርሱ የተሻለ የሚነግርዎት አያገኙም። በተዘራ ማሳ ላይ ፈጽሞ አይርገጡ፤ በድንበሩ ይሂዱ። ወደ ጎጆ ሲጠጉ ከሩቅ ድምፅ ያሰሙ፤ የደጋው ውሻ ኃይለኛ ነው።

በሬዎቹ ትልም አዙረው ሲመለሱ ከኋላቸው የሚከተለውን መንጋ ይመልከቱ። ነጩ ሳቢሳ ከማረሻው ጥቂት እርምጃ ርቆ ይራመዳል፤ በመራቢያው ወቅት አናቱና ጀርባው ላይ የወርቅማ ቡናማ ላባ ይወጣለታል። ነጭና ጥቁሩ ሽመላም ቀይ ምንቃሩን እያወረደ የተገለበጠውን ጓል ይፈትሻል። ከሁሉ ግን ዓይን የሚስበው ቢጫው ጅራት ወዝዋዥ ነው። ከአንዲት የምትግጥ ላም አጠገብ ተቀምጠው ቢያዩት፣ ይህ ትንሽ ወፍ ከአፍንጫዋ ስንዝር እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ ይሮጣል፤ ምላሷ ሣሩን ስትጠቀልል የተነሣውን ዝንብ ዘሎ በአየር ላይ ይቀልብና ጅራቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ወዝውዞ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። በበጋው ደብዝዞ የነበረው የወንዱ ሆድ በመጋቢት ቦግ ያለ ቢጫ ይሆናል፤ ራሱ ግን እንደ ትውልድ አካባቢው ይለያያል፤ ግራጫም፣ ጥቁርም፣ ቢጫማም አለ። በአንድ መንጋ ውስጥ እነዚህ ሁሉ ተደባልቀው ሲታዩ፣ ከብዙ አገር ተጉዘው በአንድ የሸዋ ሜዳ የተገናኙ መሆናቸውን ያስረዳሉ። በአቅራቢያቸው ጉሮሮው የጡብ ቀለም መያዝ የጀመረ፣ ጀርባው ዝርዝር የሆነ ሌላ ትንሽ ወፍ ካገኙ በዝርዝር ይጻፉት፤ እርሱም ወደ ሩቅ ሰሜን የሚመለስ ነው።

በግጦሹ ሣር ላይ ደግሞ የአገሩን ልጆች ይፈልጉ። ክንፈ ሰማያዊው ዝይ ከኢትዮጵያ ደጋ በስተቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። በመጀመሪያ ሲያዩት ግራጫማ ቡናማ፣ ምንም የማይስብ ዝይ ሊመስልዎት ይችላል፤ ላባው ወፍራምና ልስልስ ሲሆን ምንቃሩ አጭር ነው። ሲራመድ አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ራሱን በጀርባው ላባ ላይ ያሳርፋል፤ ይህ አያያዙ ከሩቅ ሆኖ ብቻውን ያስለየዋል። ሲነሣ ግን የክንፉ ፊት ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ሆኖ ይከፈታል። እርሱን ለማየት ብሎ ማባረር ተገቢ አይደለም፤ ታግሠው ከጠበቁት ክንፉን ለመዘርጋትና ለማፍታታት መነሣቱ አይቀርም። ብዙ ጊዜ በጥንድ ስለሚውል አንዱን ካዩ ሁለተኛውን በዙሪያው ይፈልጉ። በዚያው ሣር ላይ ጉሮሮው ቢጫ ሆኖ በደረቱ ዙሪያ ጥቁር ቀለበት ያለው፣ በጉብታ ላይ ቆሞ የሚያፏጭ ወፍ ካጋጠመዎት እርሱም የኢትዮጵያ ብቻ ነው።

ረፋዱ ላይ፣ ከ3 ሰዓት ጀምሮ መሬቱ ሲሞቅ፣ አየሩም ሽቅብ ሲወጣ፣ ዓይንዎን ወደ ሰማይ ያንሡ። ትልልቅ አሞራዎችና ንስሮች ክንፋቸውን ሳያራግቡ በዚያ ሙቅ አየር እየተሽከረከሩ ይወጣሉ። ታርሶ በተገለበጠ መሬት ላይ ቆሞ አይጥና ፍልፈል የሚጠብቀውን ቡናማ ንስር ሲያገኙ አፉን በጥንቃቄ ይዩ፤ ቢጫው የአፍ መስመር እስከ ዓይኑ ኋላ ጫፍ ከደረሰ ከእስያ የመጣው የሜዳ ንስር ነው፤ እስከ ዓይኑ መካከል ብቻ ከሆነ ግን ነዋሪው ነው። የሜዳው ንስር በዚህ ወቅት ወደ ሰሜን ስለሚንቀሳቀስ አንዳንድ ቀን ተከታትሎ ሲያልፍ ይታያል። በሜዳው ላይ ዝቅ ብሎ፣ ክንፎቹን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ እየተንሳፈፈ የሚያድነውን ቀጭን ጭልፊትም ይከታተሉ። ወንዱ ፈዛዛ ግራጫ ሆኖ በክንፉ ጫፍ ብቻ ጠባብ ጥቁር ካለበት ከምሥራቅ አውሮፓና ከመካከለኛው እስያ ሜዳ የመጣ ነው።

ከቀትር በኋላ ነፋሱ ስለሚያይል አረፍ ብሎ ማስታወሻን ማስተካከል ይሻላል። 10 ሰዓት ሲሆን ወደ ውኃው ይመለሱ፤ ግራጫ ክሬኖች ከማሳ ወደ ማደሪያቸው የሚመለሱት ወደ ማምሻው ነው፤ ከማየትዎ በፊት ጥሩምባ የመሰለ ጩኸታቸው ይሰማል። ምንቃሩ የቆለመመውና ከሥሩ ቀጭን ጉትቻ መሳይ ሥጋ የሚንጠለጠልበት አይቢስም በመንጋ ሆኖ እየተንጫጫ ወደ ገደል ማደሪያው ያልፋል፤ በክንፉ ላይ ያለው ነጭ ለምልክት ይበቃል። ይህ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሌላ አይገኝም።

ያዩትን ሁሉ በዚያው ቀን ይጻፉ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የአየሩን ሁኔታና ግምታዊ ብዛቱን። ከሁሉ በላይ ዋጋ ያለው መረጃ ተሰዳጆቹ ለመጨረሻ ጊዜ የታዩበት ቀን ነው፤ ይህንን ማወቅ የሚቻለው በየሳምንቱ ወደ አንድ ቦታ በመመላለስ ብቻ ስለሆነ፣ አሥር ቦታ አንዴ ከማየት አንድ ኩሬ ደጋግሞ ማየት ይበልጣል። «ኢበርድ» በሚባለው ነፃ መተግበሪያ ዝርዝሩን ቢያስገቡ መረጃው ለተመራማሪዎች ይደርሳል። በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም ለእንዲህ ያለው ሥራ የተቋቋመ አንጋፋ ድርጅት ነው። ስሙን ያላረጋገጡትን ወፍ በግምት አይመዝግቡ፤ መልኩን ጽፈው ይተዉት።

ጎጆ ካገኙ ወዲያው ይራቁ። ሰው በተመላለሰበት ቁራ ይከተላል፤ ብርዱም እናቲቱ የተነሣችበትን እንቁላል ይገድለዋል። የተቀዳ የወፍ ድምፅ በስልክ እያሰሙ መጥራትም በመራቢያ ወቅት ወፉን ከሥራው ስለሚያስተጓጉል መተው አለበት።

ሜዳውን ከተለማመዱ በኋላ አንድ ቀን ወደ ገደሉ ጫፍ ቢወጡ መልካም ነው። በመንዝ የሚገኘውና ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ቄሮ በሚባል የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት የጠበቀው የጓሳ አካባቢ ከ3,200 ሜትር በላይ ሲሆን፣ ደረቱ ነጠብጣብ የሆነው የደጋ ወፍ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይገኙበታል። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው አንኮበር ደግሞ በ1976 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ አዲስ የሆነች፣ በስሙም የተጠራች ትንሽ ግራጫማ ዘር በል ወፍ የተገኘችበት ነው። ይህች ወፍ በገደሉ አፋፍ ሣር ላይ በትናንሽ መንጋ እየለቀመች ስለምትውል ከአለቱ ቀለም ለመለየት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በደብረ ሲና አቅራቢያ ያለው ገመሳ ገደልም እርሷን ለመፈለግ የታወቀ ስፍራ ነው። አጥንት ከከፍታ ጥሎ እየሰበረ የሚመገበው ትልቁ አሞራ በዚያው ከእግርዎ በታች ሲያልፍ ጀርባውን ማየት ይቻላል። ከቆላው የሚነሣው ጉም ከቀትር በኋላ አፋፉን ስለሚሸፍነው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በቦታው ይድረሱ፤ የሣሩ ጫፍ በጤዛ ስለሚያዳልጥም ከአፋፉ ጥቂት ሜትሮች ርቀው ይቀመጡ።